ሊሚ በደበላ በረት ያስጨፈረችን ቅዳሜ

ሊሚ ቶለሳን ፊቷን ከማየቴ በፊት ሳቋን ሰማሁት። ኮሌጅ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት የአናቶሚ መምህራችን ስለ ትከሻ አጥንቶች ሲያስረዳን፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ሳቀች። አፍ ውስጥ የሚታፈን ሳቅ አልነበረም፤ ከሸለቆ ማዶ ላለ ሰው የተላከ ነበር የሚመስለው። መምህሩ ዞር ብሎ፣ «ምን አገኘሽ?» አላት።

«ይቅርታ መምህር፣ ምንም አይደል። ይሄ ሁሉ አጥንት እስክስታ ስንወርድ የት እንደሚገባ እያሰብኩ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሊቆጣ ሞክሮ አልሆነለትም። በማግስቱ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እስክንመረቅም ድረስ ከአጠገቧ አልተነሳሁም።

ስሜ ሮሐ ነው፤ ጳውሎስ ሰፈር ተወልጄ ጳውሎስ ያደግኩ ነኝ። ቤታችን ለኮሌጁ ቅርብ ነው፤ ያም ሆኖ እናቴ በየቀኑ ምሳ ትቋጥርልኝ ነበር። ሊሚ ግን የምትመጣው ከሸጎሌ በላይ ካለው ዳገት ነው። እሷ ሚኒባስ ትጠብቃለች፣ ሚኒባሱ ደግሞ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አርፍዳ፣ ሁልጊዜም ርቧት ትደርሳለች። የእናቴን ምሳ እኩል እየተካፈልን ነው የተማርነው። እናቴም ነገሩ ሲገባት ምሳ ዕቃውን በትልቅ ቀየረችው።

ረዘም ያለች፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ፈጣን እርምጃ ያላት ልጅ ናት። ከቤተሰቧ ጋር ኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ትናገራለች፤ ስትናደድ ሁለቱን ትቀላቅላቸዋለች። ሙዚቃ ሰምታ ዝም ብላ ማለፍ ግን አትችልም። ካፌ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ መድኃኒት ቤት ተሰልፈን እንኳ፣ ከአንድ ቦታ ከበሮ ከተሰማ መጀመሪያ ግራ ትከሻዋ ይነቃል፣ ቀኙ ይከተላል። «ሊሚ፣ ሰው እያየን ነው» እላታለሁ። «ይይ በቃ፣ ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች።

አባቷ አቶ ቶለሳ የከብት ነጋዴ ናቸው። ከገጠር ገበያ በግና በሬ እየገዙ ሸጎሌ አምጥተው ይሸጣሉ። እድሜ ልካቸውን መንጋ ማዶ ላለ ሰው ሲጮኹ ስለኖሩ፣ ቤት ውስጥም በስልክም የሚናገሩት በዚያው ድምፅ ነው። ሊሚ ነርስ እንድትሆን ያላቸው ጉጉት ወሰን አልነበረውም። ገና አንደኛ ዓመት ሳለን ገበያው ውስጥ ላገኙት ሁሉ፣ «ልጄ ነጭ ጋውን ለብሳለች» ይሉ እንደነበር ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች።

በጭፈራ ጉዳይ ግን በመሃላቸው አንድ ያልተነካ ነገር ነበር። ሊሚ አሥረኛ ክፍል ሳለች አንድ የባህል ቡድን በሰርግ ላይ አይቷት፣ ደሞዝ እንክፈላትና ከእኛ ጋር ትሥራ ብሎ ጠየቀ። አቶ ቶለሳ ቡድኑን በክብር ሸኝተው ልጃቸውን ጠሯትና፣ «ሰርግ ላይ ጨፍሪ፤ ሥራዬ ብለሽ ግን አትያዥው» አሏት። አልጮኹም፤ ያን ቀን ብቻ በዝግታ ተናገሩ። እሷን ያስደነገጣት ያ ነው። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ውስጥ ባለ ዝግጅት ሁሉ ስትጨፍር ለአባቷ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። እናቷ ታውቃለች፤ አባቷ አያውቁም። እኛ ያን ጊዜ የምናውቀው እንደዚያ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ አንድ የልጆች ሆስፒታል ተመደብን። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጉለሌን ሲመታት የሚያውቅ ያውቀዋል። ክፍሎቹ ሰፊ ናቸው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፤ ጠዋት ስንገባ እጃችንን እያሻሸን ነበር ሙቀት የምንለካው። ከሩቅ አገር ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች ደግሞ ለስንት ቀን እንደመጡ አያውቁም፤ የያዙት ልብስ የለበሱትን ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ያለውን ብርድ ልብስ ለልጆቹ ይሰጣል፤ አስታማሚዎቹ አልጋ ሥር በካርቶን ላይ ይተኛሉ።

አንድ ጠዋት አንድ አባት ጋቢውን ለልጁ አልብሶ፣ ራሱ በሸሚዝ ብቻ ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ አገኘነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሊሚ ቢጫ ሹራቧን አውልቃ ሰጠችው። የሴት ሹራብ ነው፤ ደረቱ ላይ አበባ አለበት፤ እጅጌውም አጠረው። ሰውየው ግን ምንም ሳይሸማቀቅ አጠለቀውና ሳምንቱን ሙሉ በዚያው ከረመ። ዶክተሮቹ ሲጎበኙ ቢጫ ሹራብ ለብሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሊሚ ባየችው ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላውቅም።

በዚያው ክፍል ሃና የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የፈላ ውኃ ክንዷን አቃጥሏት ቁስሉ ድኗል፤ ነገር ግን ክንዷን እንደታጠፈ ይዛ መዘርጋት እምቢ አለች። ካልዘረጋችው እንደዚያው ሊደርቅ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ይለምናታል፣ እናቷ ትለምናታለች፤ ሃና ፊቷን ትራስ ውስጥ ትቀብራለች። ሊሚ አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋው ፊት ቆመችና፣ ያለ ሙዚቃ፣ በአፏ ብቻ «ህም፣ ህም» እያለች ትከሻዋን መምታት ጀመረች። ሃና ከትራሱ በአንድ ዓይኗ አየቻት። ሊሚ ሆን ብላ ተሳሳተች። «አይደለም! እንደዚህ ነው!» አለች ሃና፤ ተነስታም ልታሳያት ክንዷን ከፍ አደረገች። ትንሽ ነው ከፍ ያለው። እናቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

በዚህ መሃል የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አፀደ በሩ ላይ ቆመው አየናቸው። ሲስተር አፀደ በዚያ ሆስፒታል ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ጫማቸው ሲሰማ ተለማማጆች የምንደርቅላቸው ሴት ናቸው። ሊሚ እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረች። ሲስተር ሃናን አዩ፤ ሊሚን አዩ። «በሩን ዝጉት፤ ድምፅ ይወጣል» አሉና ሄዱ።

ሐሳቡ የመጣው ያን ዕለት ነው። ካፌ ተቀምጠን ማኪያቶ እየጠጣን፣ ሊሚ ማንኪያዋን ስታዞር ቆይታ በድንገት፣ «ጭፈራ እናዘጋጅ። መግቢያው ብርድ ልብስ ይሁን» አለች።

«ቲኬት ማለትሽ ነው?»

«ቲኬት የለም። ብርድ ልብስ የያዘ ይገባል፤ ያልያዘ አይገባም። በቃ።»

ሁለት ጓደኞቻችን ገቡበት። ቢኒያም የፋርማሲ ተማሪ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ሰርግ ላይ ሙዚቃ ስለሚያጫውት የራሱ ስፒከር አለው፤ የሚያብለጨልጭ ጃኬትም አለው። ሙንዲር የላቦራቶሪ ተማሪ ነው፤ ዝምተኛና ጠንቃቃ፣ ሁላችንም ስንጮኽ «ቆይ፣ ዝናብ ቢመጣስ?» ብሎ የሚጠይቅ። ከፋሲካ በኋላ፣ ሌላ ጾም ሳይገባ፣ የግንቦት ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እንዲሆን ተስማማን። ጳውሎስ አጠገብ ያለ አንድ የወጣቶች አዳራሽ በነፃ ተፈቀደልን። እኔ ማስታወቂያውን ጻፍኩ፦ «ብርድ ልብስ ይዘው ይምጡ፤ እስኪደክምዎ ይጨፍሩ።»

የትምህርት ክፍሎቹ ለዋንጫ፣ በዳኞች ፊት እንዲወዳደሩ ስለወሰንን ልምምድ ተጀመረ። ሊሚ ነርሲንግን ብቻ ሳይሆን ተፎካካሪዎቻችንንም አሠለጠነች። «የእኛን ጥበብ ለጠላት ትሰጫለሽ?» ስላት፣ «እንዴ፣ መጨፈር አቅቷቸው አፍረው ብርድ ልብሱን ይዘው ቢመለሱስ?» አለችኝ። ተስፋ ያስቆረጧት የራዲዮሎጂ ወንዶች ብቻ ነበሩ። አንገታቸው እንደ ግድግዳ ነው፤ ሲመቱት ወይ ሁሉም ይወዛወዛል ወይ ምንም አይንቀሳቀስም። እሷ ግን ምሳ ሰዓቷን ትታ ከእነሱ ጋር ትቆም ነበር። በተከፈተው በር ሲታዩ አምስት ወንዶች ወባ የያዛቸው ይመስላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹን ልናስጌጥ ስንደርስ፣ ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር በተያያዘው ግቢ በር ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው።

ድንኳኑ የሰርግ እንዳልሆነ የቆሙት ሰዎች አቋቋም ይናገራል። የአዳራሹ ጥበቃ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አቶ መሸሻ ናቸው፤ ሌሊት አረፉ። እንግዲህ ሰዎቹ ምንም አይሏችሁም…» አለና ቀሪውን ተወው። አቶ መሸሻን እኔ በዓይን አውቃቸዋለሁ፤ ጡረታ የወጡ፣ በራቸው ላይ በቆርቆሮ የተተከሉ አበቦችን ሲያጠጡ የሚውሉ ሽማግሌ ነበሩ።

ቢኒያም ስፒከሩን በትከሻው እንደያዘ፣ «ድምፁን ብንቀንሰውስ?» አለ።

«ምን ያህል ትቀንሰዋለህ?» አለው ሙንዲር። «ሟች ቤት ግድግዳ ላይ?»

«ሰው እኮ ተጠርቷል! ከየቦታው ብርድ ልብስ ይዞ ሊመጣ ነው!»

ሊሚ የሁለቱንም አልሰማችም። የያዘችውን ፊኛ ጥበቃው እጅ ላይ አስቀመጠችና ወደ ድንኳኑ ሄደች። ተከተልናት። የእድሩ ሰው ጋሽ አጥናፉ ረጅም አግዳሚ ወንበሮች ከጋሪ ላይ ለብቻቸው ያወርዳሉ፤ የሰፈሩ ጎረምሶች ገና አልመጡም። ሊሚ ሄዳ የወንበሩን ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። ሙንዲር ቀጠለ፤ ቢኒያምም በሚያብለጨልጭ ጃኬቱ ላይ የእኔን ነጠላ ደርቦ ወንበር ተሸከመ። ጋሽ አጥናፉ፣ «የማን ልጆች ናችሁ?» ሳይሉ፣ «ይሄን እዚያ፣ ያንን እዚህ» እያሉ አሠሩን።

ስንጨርስ ገብተን ሐዘንተኞቹን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልን። የሟች ባለቤት እማማ ባዩሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሊሚ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስትስም እጇን ያዙ።

«አላወቅኩሽም፣ ልጄ።»

«አያውቁኝም እማማ። ከኮሌጁ ነን። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ዝግጅት ነበረን።»

«የምን ዝግጅት?»

ልዋሽላት አስቤ ነበር፤ «ስብሰባ» ብል ይበቃል። ሊሚ ግን፣ «ጭፈራ ነበር። ለታመሙ ሕፃናት ብርድ ልብስ ልንሰበስብ። አሁን ትተነዋል፤ እርስዎ አይጨነቁ» አለቻቸው።

እማማ ባዩሽ የሊሚን እጅ አልለቀቁም። «እሱ ጩኸት አይወድም ነበር» አሉ፣ ፈገግ ሊሉ የፈለጉ ይመስል። «ሕፃናቱን ግን አትተዋቸው። ራቅ በሉና እዚያ አድርጉት።»

ወጥተን አስፋልቱ ዳር ቆምን። ራቅ ብለን የት? ኮሌጁ ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ኳስ ሜዳው ላይ ጨዋታ አለ፤ ሌላ አዳራሽ በአንድ ጠዋት አይገኝም። ሊሚ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች፤ መልሳ ከተተችው፤ ደግማ አወጣችው። ማን ጋ ልትደውል እንደሆነ ያወቅኩት ከፊቷ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ የአባቷ ድምፅ ግን ስልኩን አልፎ መንገዱን ሞልቶታል። የተባባሉትን ወዲያው ስትዘጋ ቃል በቃል ነገረችኝ።

«አባ፣ የደበላ በረት ባዶ ነው?» ደበላ የአባቷ የንግድ ሸሪክ ነው፤ ሸጎሌ ላይ ከብት የሚያሳድርበት ትልቅ አጥር ግቢ አለው። ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዟል።

«ጥቂት በግ ነው ያለው። ምነው፣ ልትገዢ ነው?»

«ሰው ላስገባበት ነው።»

«ስንት ራስ?»

«ሁለት መቶ ይሆናል።»

«ሁለት መቶ ሰው! ቆመው ምን ሊሆኑ?»

ነገረቻቸው፤ ሆስፒታሉን፣ ብርድ ልብሱን፣ ድንኳኑን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ሊሚ ከንፈሯን ነከሰች።

«ሊሚ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺም ትጨፍሪያለሽ?»

«እጨፍራለሁ፣ አባ።»

ከዚያ፣ «በረቱ እበት በእበት ነው። እኔ መጥረጊያ ልፈልግ፤ እናንተ ቶሎ ኑ» ብለው ዘጉት።

ሊሚ ስልኩን እያየች፣ «አልተቆጣም» አለችኝ፤ የሆነ ነገር እንዳጠፋ ሰው እየፈራች።

ቢኒያምና ሊሚ ስፒከሩን ጭነው ቀደሙ። እኔና ሙንዲር አዳራሹ በር ላይ ቀርተን የሚመጣውን ሁሉ በሹክሹክታ ወደ ታክሲ መላክ ያዝን። ብርድ ልብስ የታቀፈ ተማሪ በቡድን በቡድን እየመጣ ይጠይቃል፤ እኛ ጣታችንን ከንፈራችን ላይ አድርገን ድንኳኑን እናሳየዋለን፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል። «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» የሚለው የሚኒባስ ረዳት ብርድ ልብስ ጣሪያ ድረስ ሲከመር አይቶ፣ «ምንድን ነው፣ ሰፈር እየቀየራችሁ ነው?» አለን። ሲገባው ግን ከኋላ ያሉትን ታክሲዎች ሁሉ ጠርቶ አሰለፈልን።

በመጨረሻው ታክሲ ስደርስ የደበላ በረት በቆርቆሮና በባህር ዛፍ አጣና የታጠረ ሰፊ ግቢ ሆኖ አገኘሁት። መሬቱ ተጠርጎ ውኃ ተረጭቶበታል፤ ሽታው ግን የት ይሄዳል! አቶ ቶለሳ ሱሪያቸውን ቦቲ ጫማቸው ውስጥ ከተው፣ ላብ በላብ ሆነው መጥረጊያ ተደግፈው ቆመዋል። ሊሚ አስተዋወቀችን።

«ሮሐ ማለት አንቺ ነሽ?» አሉኝ በዚያ ድምፃቸው። «ልጄ ምሳሽን የምትጨርስብሽ?»

«አይ፣ ተካፍለን ነው የምንበላው፣ አባ ቶለሳ።»

«አውቃለሁ እንዴት እንደምትካፈል!» አሉና ሳቁ። ሊሚ ሳቋን ከማን እንደወረሰች ገባኝ።

ጭፈራው ተጀመረ። ነጭ ስኒከር ያደረጉ ልጆች መጀመሪያ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ እየመረጡ ነበር፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን የሚመርጥ አልነበረም። አቧራው ተነሳ። ጥግ ላይ በአጣና የተከለሉት በጎች ሙዚቃው በተቀየረ ቁጥር አብረው ይጮኻሉ፤ ቢኒያምም በማይክራፎኑ «እናመሰግናለን!» ይላቸዋል። የራዲዮሎጂ ወንዶች ተራቸው ሲደርስ የተማሩትን ሁሉ ረስተው አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ዝም ብለው ዘለሉ፤ ከሁሉ የበለጠ የተጨበጨበላቸው እነሱ ናቸው። ሊሚ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በመሃል ቀሚስና ስኒከር ያደረጉ ሴትዮ ሁለት ብርድ ልብስ ታቅፈው ገቡ፤ አጠገቤ ሲደርሱ ነው ሲስተር አፀደ መሆናቸውን ያወቅኩት። ከኋላቸው ሃናና እናቷ አሉ። ሃና አርብ ከሆስፒታል ወጥታለች፤ ወደ አገራቸው የሚሄዱት እሑድ ነው። ለእሷ ብለን ፊት ለፊት ወንበር አዘጋጅተን ነበር። ሃና ግን ጭፈራውን አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጋ አየችና በቀጥታ ወደ በጎቹ ሄደች። ደበላ ጭብጥ ሣር ሰጣት፤ ግልገሉ ርቆ ስለቆመ ክንዷን በአጣናው መሃል አሳልፋ ዘረጋች፤ ሙሉ በሙሉ፣ እስከ መጨረሻው። እናቷና ሲስተር ተያዩ፤ ማንም ግን አልጠራትም፤ እዚያው ስትመግብ ዋለች።

የመጨረሻው ተራ የነርሲንግ ነበር። ሊሚ መሃል ገባች፤ አባቷ በሩ ጋ ቆመዋል። ሙዚቃው ሲጀምር፣ እሷ ገና አንድ እርምጃ ስትራመድ፣ አቶ ቶለሳ ፊታቸውን አዙረው ከበሩ ወጡ።

እኔ አየሁ፤ እሷም አየች። ጨፈረች፤ ግን ሊሚን ለማያውቅ ሰው የሚበቃ ጭፈራ ነበር እንጂ የእሷ አልነበረም። ትከሻዋ ከዘፈኑ ኋላ ቀረ። ዓይኗ ከበሩ አልተነሳም። ሮጬ ልከተላቸው ወይስ ልተው እያልኩ ሳመነታ፣ የቆርቆሮው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። አቶ ቶለሳ ናቸው። ከኋላቸው የበግ ነጋዴዎች፣ ደላሎች፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ሻይ የምትሸጠው ሴት ሳትቀር፣ ገበያው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ተከትሏቸዋል።

«ያውላችሁ!» አሉ፣ ስፒከሩን በሚያሸንፍ ድምፅ። «ነጭ ጋውን ለብሳለች ያልኳችሁ ልጄ ያቺ ናት!»

ሊሚ ያን ሳቋን ሳቀች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ ሰው ምን ብዬ አስረዳዋለሁ? ትከሻዋ፣ አንገቷ፣ ጠጉሯ፣ አቧራው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተነሳ። ነጋዴዎቹ ቢኒያም ለረገዳ ጭፈራ የሚሆን ዘፈን እስኪፈልግ አልጠበቁትም፤ ዱላቸውን ወደ ላይ ይዘው መሬቱን በእግራቸው እየመቱ ገቡበት። ሙንዲር፣ ጠንቃቃው ሙንዲር፣ በሁለት ሽማግሌዎች መሃል እየዘለለ ነበር። አቶ ቶለሳ ግን አልጨፈሩም። የሁሉንም ኮትና ባርኔጣ ታቅፈው ቆመው ለሲስተር አፀደ፣ «ጭፈራው ከእናቷ ነው የመጣው፤ የእኔ እግር ከመሄድ ሌላ ምንም አያውቅም» ይሏቸው ነበር።

ነጋዴዎቹ መግቢያው ብርድ ልብስ መሆኑን ሲሰሙ አፈሩ፤ ሳይከፍሉ ገብተዋላ። አንዱ ከትከሻው ጋቢውን አወረደ፤ ሌላው ቤቱ ሮጠ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ነጭ ሙክት እየጎተቱ መጥተው ገመዱን ሊሚ እጅ ላይ አኖሩ።

«በግ ግን ዎርድ ውስጥ አላስገባም» አሉ ሲስተር አፀደ፣ በሆስፒታል ፊታቸው። ደበላ ሙክቱን ራሱ ወሰደና በምትኩ አስፋልቱ ዳር ካለው ሱቅ እጅ ሙሉ አዲስ ብርድ ልብስ አመጣ። ዋንጫው ለማን እንደተሰጠ እያሰባችሁ ከሆነ፣ ለራዲዮሎጂ ነው። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ወሰኑ።

ሰኞ ብርድ ልብሱን በደበላ የከብት መጫኛ አይሱዙ ሆስፒታል ስናደርስ እንደ ጀግና የሚቀበሉን መስሎን ነበር። ሲስተር አፀደ አንዱን አንስተው አሸተቱትና፣ «ይሄ የበግ ሽታ ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተመልሶ ይምጣ» አሉ። መኪናውን አዙረን ኮሌጁ ግቢ አራገፍነው። ያን ሳምንት ሙሉ፣ የጨፈረውም ያጨበጨበውም ሁሉ በገንዳ ዙሪያ ቁጭ ብሎ በባዶ እግሩ ብርድ ልብስ ረገጠ። ግቢው በአጥሩ ዙሪያ፣ በደረጃው፣ በቅርጫት ኳስ ብረቱ ላይ ሳይቀር ብርድ ልብስ ተሰጣበት። ሊደርቅ ሲል ዝናብ ይመጣል፤ «ሰብስቡ!» ሲባል መምህራኑ ሳይቀሩ ይሮጣሉ። ሁለተኛ ስንመለስ ሲስተር አፀደ እያንዳንዱን አገላብጠው አይተው፣ «አሁን ይግባ» አሉ። ለእኛ ምስጋናው እሱ ነበር።

ያን ቅዳሜ ማታ ሊሚና አባቷ ዳገቱን አብረው ሲወጡ የተነጋገሩትን የነገረችኝ ብርድ ልብስ እየጨመቅን ነው።

«አባ፣ ለምን አልተቆጣኸኝም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«በምን ልቆጣ?»

«ሥራ አድርገሽ አትያዥው ብለኸኝ ነበር።»

«እሱማ እንዳትራቢ ብዬ ነው። አትጨፍሪ መቼ አልኩሽ?»

ሊሚ ቆመች። «እኔ እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ ተደብቄህ ነው የጨፈርኩት!»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ቶለሳ። «እናትሽ በጨፈርሽ ቁጥር ትነግረኛለች። ራስሽ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር።» ከዚያም ጥቂት ተራምደው፣ «ብዙ አስጠበቅሽኝ» አሏት።

ሊሚ ይህን ስትነግረኝ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን በተቃራኒ አቅጣጫ እየጠመዘዝን ነበር። ስትጨርስ ጫፌን አጥብቄ ያዝኩና ጠመዘዝን።

ከተመረቅን ሁለት ዓመት ሆነን። እኔ አንድ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ሊሚ ከእንጦጦ ጀርባ ካሉት መንደሮች በአንዱ ጤና ጣቢያ ተመድባለች። ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ ደረስኩ። በረንዳው ላይ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች ተሰልፈዋል፤ ሊሚ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ በነጭ ጋውኗ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ልጇን ለክትባት ዘግይታ ካመጣች አንዲት እናት ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች። ሴትየዋም አልበገር ብላ ትመልስላታለች። ሁለቱም ድምፃቸው ከፍ አለ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ሳቁ፤ ልጁም ተወጋ። ሊሚ ቀና ስትል አየችኝ፤ ጭቃ የነካውን ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችና፣

«ነይ ግቢ፤ ራት ሳትበይ አትሄጂም» አለችኝ። «ይሄን ሰልፍ ብቻ ልጨርስ።»

ሰልፉ ረጅም ነበር። ጋውን አበደረችኝና አብረን ጨረስነው።